ተሳስመው ያልታረቁ

  በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ወንድማማችና እህትማማች ጠብ ነው፤ በተለይ አባት ወይም እናት ካረፉ በኋላ በቤትና በንብረት ሰበብ ስለሚነሣው። መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን አውጡ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 42 ላይም ምልክት አድርጉ። ሥራ ይዛችሁ ወይም መንገድ ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡንም አትቸገሩም፤ ታሪኩን በቃል አብረን እንሄድበታለን።

ከብዙ ቤት የሰማሁትን አሰባስቤ የአንድ ቤተሰብ ነገር ልንገራችሁ። እናት ናቸው የታመሙት። ስኳሩም ደም ግፊቱም ተደራርቦ በመጨረሻ አልጋ ያዙ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ አሜሪካ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እየሠራ በየወሩ ገንዘብ ይልካል። መካከለኛው እዚሁ ከተማ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ብቅ ይላል። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ሥራዋን ትታ ከእናቷ ጋር ቀረች። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን የምታገላብጣቸው እሷ ናት። ሌሊት ፖፖ የምታቀርበው፣ አጥሚቱን በማንኪያ የምታጠጣው፣ መርፌውን በሰዓቱ የምትወጋቸው እሷ ናት። የሚያጯት ሰዎች መጥተው ነበር፤ "እናቴን ይሻላት" ብላ መለሰቻቸው።

እናት አረፉ። ለቅሶው አለፈ፣ ዕድሩ ድንኳኑን አነሣ፣ አርባቸው ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን ቡና ላይ መካከለኛው ወንድም፣ "እንግዲህ ቤቱን ሸጠን እንካፈላ" አለ። ታናሿ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣ "እናንተ የት ነበራችሁ?" አለች። ይህ ቃል አሜሪካ ሲደርስ ትልቁ ወንድም በተራው ተቆጣ። የመድኃኒቱ፣ የሐኪሙ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ገንዘብ ከማን ኪስ ነው የወጣው? የሃዋላውን ደረሰኝ አንድ ሳይቀር አስቀምጦታል። መካከለኛውም የሚለው አለው፤ እናቱን ሆስፒታል ለሆስፒታል ያንከራተተው፣ ቀበሌና ክፍለ ከተማ የተመላለሰው፣ ሲያርፉም የቀብሩን ነገር የጨረሰው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም። የሥጋ ዘመድ ጠብ እንዲህ የሚመርረው እያንዳንዱ የያዘው እውነት ስላለው ነው። ሕጉም ቢሆን የሚለየው የንብረቱን ድርሻ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እኩል ይወርሳሉ ይላል። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣል፣ ውርስ አጣሪ ይሾማል፣ ቤቱ በገንዘብ ይተመናል። ያ ሁሉ ሌሊት ግን በምን ይተመናል?

ሽማግሌዎች ገቡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ እናትን በደንብ የሚያውቁ። በፋሲካ ማግሥት ልጆቹን አስቀመጡ፤ ትልቁም በስልክ ተገኘ። "የእናታችሁ አጥንት ይወጋችኋል" አሉ። "ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፤ ያለፈውን አታንሡ" አሉ። ታናሿ ልትናገር ስትጀምር አንደኛው በፍቅር ቃል፣ "ተይ ልጄ፣ ስለ ድንግል ብለሽ ተይው" አሏት። ተወችው። "በሉ ተነሡ፣ ተሳሳሙ" ተባለ። ተሳሳሙ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ዶሮው ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ታናሿ የወንድሞቿን ስልክ አታነሣም።

ሽምግልናችንን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምናገረው። በዳይ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት የሚንበረከክባት አገር የእርቅን ክብር ታውቃለች። ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ቤት በደም ይፈርስ ነበር! ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ይቅርታን ሲያዝ እውነቱ እንዲነገር ያዛል፤ እኛ ደግሞ ይቅርታውን ለማፋጠን ብለን እውነቱን እንዘለዋለን። የተዘለለው እውነት ደግሞ የትም አይሄድም። ኩርፊያ ይሆናል፣ ሠርግ ላይ አለመገኘት ይሆናል፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቂም ይሆናል።

ወደ ማቴዎስ 18 እንምጣ። ከቁጥር 15 ጀምሮ ጌታ ኢየሱስ ወንድሙ የበደለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ይናገራል። መጀመሪያ ሂድና ለብቻችሁ ሆናችሁ ጥፋቱን ንገረው። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ። እነሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ሁለተኛው እርምጃ የሙሴ ሕግ በዘዳግም 19 ስለ ምስክሮች ካዘዘው የመጣ ነው፤ የእኛ ሽምግልናም የሚመሳሰለው ከዚሁ ከሁለተኛው ጋር ነው። ያጣነው የመጀመሪያው ነው።

እስቲ በሐቀኝነት እንመልከተው። ወንድማችን ሲበድለን መጀመሪያ ለማን ነው የምንናገረው? ለባለቤታችን፣ ቀጥሎ ለአክስት፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ አሁን አሁን ደግሞ ወንድም የሌለበት ሌላ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶ እዚያ። ለንስሐ አባታችን ወይም ለፓስተራችን የምንነግረውም ብዙ ጊዜ "እርስዎ ይገሥጹልኝ" ለማለት ነው። በደሉን በመጨረሻ የሚሰማው ራሱ በዳዩ ነው፤ ሲሰማውም ከእኛ አፍ ሳይሆን ሦስት ሰው ጋ ዞሮ፣ በየደረሰበት ተጨምሮበት ነው። ያኔ ስለ ጥፋቱ ማሰቡን ትቶ ስለ ስሙ መከራከር ይጀምራል። ጌታ ብቻውን አግኘው ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰው በሰው ፊት ክብሩን ይጠብቃል፤ ለብቻው ሲሆን ግን "እውነትሽን ነው" ለማለት ጉልበት ያገኛል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ይኸው የውርስ ጉዳይ ጌታ ፊት ቀርቧል። አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ብድግ ብሎ፣ ወንድሜ ውርሱን እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ አለው። ጌታ በመካከላችሁ ፈራጅ አድርጎ የሾመኝ የለም ብሎ መለሰለትና ሕዝቡን ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ። ሰውዬው እውነት ይኑረው አይኑረው ወንጌሉ አይነግረንም፤ ምናልባት በትክክልም ተበድሎ ይሆናል። ጌታ ግን የአንዱ ወንድም ጅራፍ ሆኖ በሌላው ላይ መነሣትን አልተቀበለም። አባቶችንና አገልጋዮችን ለዚህ ሥራ የምንጠራ ሰዎች ይህችን ክፍል ደጋግመን ብናነባት ይጠቅመናል።

(አጭር መዝሙር)

አሁን ወደ ዮሴፍ። ስለ ይቅርታ ስንሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ዮሴፍ ወንድሞቹን አቅፎ ያለቀሰበትን ክፍል ነው። እሱ ግን ምዕራፍ 45 ላይ ነው። ወንድሞቹ ፊቱ የቀረቡት ምዕራፍ 42 ላይ ነው። በመካከል ያሉትን ምዕራፎች ለምን እንደምንዘልላቸው አላውቅም፤ የእርቁ ሥራ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር። የተሸጠውም በ20 ብር ነው፤ ከመግደል እንሽጠው ያለው ይሁዳ ነው። ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። ከዚያ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አለፉ፣ ረሃቡም ገባ። እንግዲህ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ወርደው በግንባራቸው ሲሰግዱለት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እሱ ያውቃቸዋል፣ እነሱ አያውቁትም። ወዲያው ይቅር ብያችኋለሁ አላለም። በአስተርጓሚ ይናገራቸዋል፣ ሰላዮች ናችሁ ይላቸዋል፣ ሦስት ቀን ያስራቸዋል።

ከዚያ አንድ ነገር ይሆናል። ወንድማማቾቹ እሱ የሚሰማ ሳይመስላቸው በገዛ ቋንቋቸው እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ። ይህ መከራ የመጣብን በወንድማችን ምክንያት ነው፤ ሲለምነን ነፍሱ ስትጨነቅ እያየን አልሰማነውም ይላሉ። ልብ በሉ፣ ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መለመኑን ምዕራፍ 37 አልነገረንም። እዚያ ላይ የተጻፈው እሱን ጉድጓድ ጥለው እንጀራ ሊበሉ መቀመጣቸው ነው። ልመናውን የምንሰማው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከበዳዮቹ አፍ ነው። ዮሴፍም ዘወር ብሎ አለቀሰ። የመጀመሪያ እንባው ይህ ነው። ወንድሞቹ ገና ይቅርታ አልጠየቁትም፤ ያደረጉትን ግን በስሙ ጠሩት። ለተበደለ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የተበደለ ያውቀዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይሉ የለ? ያቺ ታናሽ እህትም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ከወንድሞቿ አንዱ፣ "ያን ሁሉ ሌሊት ብቻሽን ተውንሽ" እንዲላት።

ዮሴፍ በዚህም አላበቃም። የብር ጽዋውን በታናሽ ወንድሙ በብንያም ዓይበት ውስጥ አስደበቀና ብንያምን ባሪያ አድርጌ አስቀረዋለሁ አለ። ያው የአባት የተወደደ ልጅ፣ ያው እሱን ትቶ ወደ ቤት የመመለስ ዕድል። ያኔ ይሁዳ ቀረበ። ያን ዕለት ለመሸጥ ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ፣ አሁን በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁንና እሱ ወደ አባቱ ይሂድ አለ። ዮሴፍ ከዚህ በኋላ ራሱን መግታት አልቻለም፤ ሰዎቹን ሁሉ አስወጥቶ፣ ልቅሶው ለግብፃውያን እስኪሰማ አለቀሰ፣ ማንነቱንም ገለጠ። ይቅርታው ከልቡ ውስጥ ቀደም ብሎ ነበረ ብዬ አምናለሁ። እምነቱን መልሶ የሰጣቸው ግን ይሁዳ የተለወጠ ሰው መሆኑን ካየ በኋላ ነው። ይቅር ማለት የልብ ውሳኔ ነው፣ በአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። መተማመን ግን በሥራ እየታየ የሚመለስ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናይ፣ ይቅር ያለች እህት በማግሥቱ ካልሳቀች "ቂመኛ" እንላታለን።

ታሪኩ ደግሞ ገና አላለቀም። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ወንድሞቹ ከአባታቸው ቀብር መልስ ምን ያዛቸው መሰላችሁ? ፍርሃት። ዮሴፍ ዝም ያለው ስለ አባታችን ብሎ ቢሆንስ? አሁን ብድሩን ቢመልስስ? አባትህ ሳይሞት ይቅር በላቸው ብሎ አዝዞ ነበር የሚል መልእክት ላኩበት። ያዕቆብ እንዲህ ስለ ማለቱ መጽሐፉ በሌላ ቦታ አንድም ቃል የለውም። በሞቱ ወላጆች ስም መናገር በእኛ ቤት ብቻ የተጀመረ አይደለም፤ "እናቴ ቤቱን ለእኔ ብላ ነው የሞተችው" የሚለው ንግግር ስንት ቤት አፍርሷል! ዮሴፍ መልእክቱን ሲሰማ አለቀሰ። አልተቆጣም፣ ዋሻችሁ ብሎም አልመረመራቸውም። አትፍሩ አላቸው፣ እናንተንም ልጆቻችሁንም እመግባለሁ አላቸው። ወላጅ የሚባለው ማሰሪያ ሲፈታ አሮጌ ነገር ሁሉ እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምዕራፍ የለም። ስለዚህ አድማጮቼ፣ እናታችሁ ሲያርፉ በመካከላችሁ ጠብ ቢነሣ፣ ቤተሰባችን የተለየ እርግማን አለበት ብላችሁ አትሸበሩ። የያዕቆብም ቤት እንዲሁ ነበር።

ይህን ጊዜ አንድ አድማጭ፣ "ታዲያ ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል አላለም ወይ? እውነቱ እስኪነገር፣ ጥፋቱ እስኪታመን ልጠብቅ ነው?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ጌታ ለጴጥሮስ ይህን ከመለሰለት በኋላ የተናገረውን ምሳሌ በቁጥር እንየው። አንድ ባሪያ ከንጉሥ እልፍ መክሊት፣ ማለትም 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። በዘመኑ አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነው፤ አንድ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ይደርሳል። ስለዚህ ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ እንኳ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ንጉሡ ማረው። ባሪያው ከዚያ ሲወጣ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አግኝቶ አንገቱን አነቀው።

ሰባኪዎች መቶ ዲናሩን ጥቂት ሳንቲም ሲያስመስሉት እሰማለሁ። መቶ ዲናር እኮ የመቶ ቀን ደመወዝ ነው! ለቀን ሠራተኛ ከሦስት ወር በላይ የልጆች እንጀራ ነው። ጌታ የባልንጀራህ ዕዳ ምንም አይደለም አላለም። ዕዳው እውነተኛ ነው፣ ያምማል፤ አንተ ግን ከተማርከው ጋር አስተያየው ነው ያለው። ስለዚህ ለእህታችሁ "ምን ተደረገና ነው፣ አታክብጂው" ማለት ክርስቲያናዊ ምክር አይደለም። የተደረገው ተደርጓል። ይቅር የሚባለው የተቆጠረ ዕዳ ነው፤ ያልተቆጠረውን ማን ይምረዋል?

በዳይስ? በዳይ ወገን ሆነን ስንገኝ መጽሐፍ ቅዱስ በጣም ቀጥተኛ ነው፣ እኛ ግን ስለዚህ ክፍል እምብዛም አንነጋገርም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ባልንጀራውን ያታለለ ወይም የቀማ ሰው ዋናውን ይመልስ፣ ከላዩም አምስተኛውን እጅ ይጨምር ይላል፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርበው መሥዋዕት የሚመጣው ከዚህ ጋር ነው። ዘኬዎስም በኢያሪኮ ጌታን በቤቱ ሲቀበል እንባ ብቻ አላቀረበም። ቆሞ በቁጥር ተናገረ፤ ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ ያታለልኩትን አራት እጥፍ አለ። ጌታ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት ያለው ያኔ ነው። እንግዲህ ከላይ ያነሣነውን ቤት አስቡ። መካከለኛው ወንድም፣ "እህቴ፣ ሕጉ እኩል ብሎናል፤ እኔ ግን ሥራሽን ትተሽ እናቴን ስላስታመምሽበት ከድርሻዬ ይህን ያህል ጨምሬልሻለሁ፤ ቤቱም አንቺ ሌላ መጠጊያ እስክታገኚ አይሸጥም" ቢል፣ በዚያ ሽምግልና ላይ ከተባለው ሁሉ ይበልጣል። እሷም ብትሆን የወንድሟን የደረሰኝ ክምር ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ፣ አንድ በአንድ አይታ፣ "ይህ ባይኖር መድኃኒቱን ከየት አመጣው ነበር" ልትለው ይገባታል። በሰው አገር ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ነው። የእናቱን እጅ ሳይዝ ቀርቷል፤ ቀብራቸው ላይም በስልክ ነው የቆመው።

እናቶቻችን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉናል። በማቴዎስ 5 ጌታ መባ ይዘህ መሠዊያ ፊት ሳለህ ወንድምህ በአንተ ላይ የያዘው ነገር እንዳለ ትዝ ቢልህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ ከዚያ ተመለስ ብሏል። ሕዝቡ ይህን የሰማው በገሊላ ነው። መሠዊያው ያለው በኢየሩሳሌም ነው። ከገሊላ ኢየሩሳሌም በእግር የቀናት መንገድ ነው። ለመሥዋዕት ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ሰው፣ ጠቦቱን እዚያው ትቶ ወደ መንደሩ ሄዶ፣ ታርቆ፣ እንደገና መምጣት አለበት ማለት ነው! ሰሚዎቹ ይህን ሲያሰሉ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲለን፣ ጎናችን ላለው ለማናውቀው ሰው እጅ መንሣት ቀላል ነው። ጥያቄው በሌላው በር ገብቶ ወንዶቹ ጋ ቆሞ ስላለው ወንድማችን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በቤታችሁ የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ልጆቻችሁን የሚጎዳ ሰው ካለ፣ ዛሬ ያልኩትን ተመልሶ ወደ እጁ ለመግባት ማዘዣ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ብቻችሁንም ሄዳችሁ አታነጋግሩት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 24 ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን መግደል ሲችል ራራለት። ሳኦል ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፣ አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ አለው፣ ዳዊትም ማለለት። ከዚያስ? ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊትና ሰዎቹ ግን ወደ ምሽጋቸው ወጡ። ዳዊት ይቅር ብሏል፣ አብሮት ግን አልገባም። ልክ ነበረ፤ ምዕራፍ 26 ላይ ሳኦል 3,000 ሰው ይዞ ደግሞ ሲያሳድደው እናገኘዋለን። "ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው" እየተባለች ወደ ዱላ የምትመለስ እህት ካለች፣ ይህን ምክር የሰጧት ሰዎች ይህን ምዕራፍ ያንብቡ። ያዕቆብና ዔሳውም ቢሆን ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ አብረው አልኖሩም፤ አንዱ ወደ ሴይር፣ ሌላው ወደ ሱኮት ሄዱ። አባታቸውን ይስሐቅን ግን አብረው ቀበሩት። አንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ እርቅ ማለት እስከዚህ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ወደ ብዙዎቻችን ጉዳይ ልመለስ። ሄዳችሁ ልታነጋግሩት የምትችሉት፣ ግን የተኮራረፋችሁት ወንድም ወይም እህት ካለ፣ በዓል አትጠብቁ፤ በዓል ቤት ሰው ይሞላል። በድምፅ መልእክትም አትጀምሩት፤ የተቀዳ ቃል ለሌላ ሰው ይላካል። ሩቅ አገር ያለ ከሆነ የሚመቸውን ሰዓት ጠይቁት፤ ከሌሊት ሥራ የገባን ሰው በእንቅልፉ ላይ ቀስቅሶ እርቅ የለም። ስትነጋገሩ ከራሳችሁ ጥፋት ጀምሩ፣ ትንሽ ብትመስላችሁም እንኳ። ከዚያ ያማችሁን አንዱን ነገር ንገሩት፤ የአሥር ዓመቱን በሙሉ በአንድ ቀን አታራግፉበት። ከዚያ ጠይቁና ዝም በሉ። የዝምታው ጊዜ ይረዝማል፤ አትሙሉት። እሱም የያዘው እውነት እንዳለ ያኔ ነው የምትሰሙት።

ካልተግባባችሁ ሽማግሌ ጥሩ። ከቤቱ ሽያጭ ድርሻ የሌለው፣ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ይሁን። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትጠሩ አባቶችና እናቶችም አደራ፤ መጽሐፈ ምሳሌ 18 በክርክር መጀመሪያ የተናገረው ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ይላችኋል። ለየብቻቸው ስሟቸው። ታናሺቱ መናገር ስትጀምር ዝም አታሰኟት። ዶሮው ይቆያል።

ስልክ ባያነሣስ? ደጁን ቢዘጋስ? ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12 ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል ቢቻላችሁስ የሚል፣ በእናንተም በኩል የሚል ቃል ጨምሮበታል። በወንድማችሁ በኩል ያለውን እግዚአብሔር ከእናንተ አይጠይቅም። በእናንተ በኩል ያለውን ግን አትተዉ፤ ልጁ ሲመረቅ ተገኙ፣ ሲታመም ጠይቁ፣ ስሙን በሰው ፊት በክፉ አታንሡ። ለሦስተኛ ሰው የነገራችሁት ካለም ለዚያ ሰው፣ "ለራሱ ሳልነግረው ለአንተ መንገሬ ጥፋት ነበር" በሉት። እሱን ለማድረግ የወንድማችሁ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ ዛሬ ማታ ይቻላል።

የማቴዎስን ምዕራፍ 18፣ የዘፍጥረትን ከምዕራፍ 42 እስከ 50 በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በባልና በሚስት መካከል ስለ ገንዘብ መደባበቅ እንነጋገራለን። ደህና ሰንብቱ።